ተንቀሳቃሽ ቁልፍ ሰሌዳን ያለ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ በአማርኛ ማስታወሻ መያዝ

በመሥሪያ ቤቴም በሰፈራችን እድርም ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ላፕቶፑን ፊቴ ላይ ገትሬ ነበር። ከተከፈተ ላፕቶፕ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ግን ከስብሰባው እንደወጣ ይቆጠራል። ሽማግሌ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት አይችልም፤ ተናጋሪውም ጸሐፊው እያዳመጠ ይሁን ሌላ ሥራ እየሠራ አያውቅም። አንዲት ትንሽ የብሉቱዝ ቁልፍ ሰሌዳ ገዝቼ ጭኔ ላይ ካስቀመጥኩና ላፕቶፑን ወደ ጎን ካሸሸሁ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀረ። አሁን ሰው እያየሁ እጽፋለሁ።

ሰሌዳውን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛ አልጽፍ ይለዋል፣ ከሻይ ዕረፍት ሲመለስ ሰሌዳው አይታዘዝም፣ ወይም የጻፈው ሁሉ ሌላ ቦታ ሄዶ ይገኛል። ስለዚህ ከማገናኘቱ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ፤ ይህ ከገባዎት ከችግሮቹ አብዛኞቹን ራስዎ ይፈቷቸዋል።

ቁልፍ ሰሌዳው ፊደል አያውቅም

ቁልፍ ሰሌዳ የሚልከው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቁጥር አለው፤ በዩኤስቢም ይሁን በብሉቱዝ የሚሠሩ ሰሌዳዎች የሚከተሉት አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ «ኤ» የተጻፈበት ቁልፍ 4፣ «ቢ» 5፣ «ሲ» 6 እያለ ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ ፊደላት «ሰላም» ብለው ሲጽፉ ከጭንዎ ተነሥቶ በአየር ላይ የሚሄደው 22፣ 8፣ 15፣ 4፣ 16 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ፊደል የሚለውጠው ላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ አምስት የላቲን ፊደላት ያወጣል፤ አማርኛ ላይ ከሆነ ሦስት የግእዝ ፊደላት።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ነው። አንደኛ፣ አማርኛ ለመጻፍ አማርኛ የታተመበት ሰሌዳ መፈለግ አያስፈልግም፤ የትኛውም ሰሌዳ ይበቃል። ሁለተኛ፣ አማርኛው እምቢ ሲል ሰሌዳውን መውቀስ አይገባም፤ የሚስተካከለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ሦስተኛ፣ ሰሌዳው ቁጥሩን የሚልከው በዚያ ቅጽበት ለተገናኘው መሣሪያ ብቻ ነው። ያ መሣሪያ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ከሆነ ላፕቶፑ ምንም አይሰማም። ይህ በእኔም ደርሷል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት

ገመድ አልባ የሚባሉት ሰሌዳዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ከትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ጋር ይሸጣል፤ መቀበያውን ላፕቶፑ ላይ ሲሰኩት ያለ ምንም ማጣመር ይሠራል። ሁለተኛው ብሉቱዝ ነው። የመጀመሪያው ቀላል ቢሆንም ለሚንቀሳቀስ ሰው አልመክረውም። መቀበያው የጥፍር ያህል ስለሆነ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ከስልክ ጋርም በቀላሉ አይሠራም። ሣጥኑ ላይ «ዋየርለስ» የሚለውን ብቻ አይተው አይግዙ፤ የብሉቱዝ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። አንዳንዱ ሰሌዳ ሁለቱንም ይዟል፤ ያ ጥሩ ነው።

የምጠቀመው ኬ380 የሚባለውን የሎጂቴክ ሰሌዳ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከእሱ የተወሰዱ ናቸው። ሌሎቹም በአሠራር ብዙ አይርቁም። የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። ሦስት መሣሪያዎችን ያስታውሳል፤ በግራ ጎኑ ማጥፊያ ማብሪያ አለው፤ የሚሠራውም በሁለት ባለ ሦስት ኤ የባትሪ ድንጋይ ነው። አምራቹ በሁለት ድንጋይ እስከ 24 ወር ይሠራል ይላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ከሱቅ ገዝተው በደቂቃ የሚቀይሩት ድንጋይ በቻርጅ ከሚሠራው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቻርጁ ስብሰባ መሀል ያለቀበት ሰሌዳ ያለው ሰው እስክሪብቶ ከመበደር ሌላ ምርጫ የለውም።

የሚታጠፉት ሰሌዳዎች ኪስ ስለሚገቡ ያጓጓሉ። ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ናቸው፤ ጭን ላይ ግን መሀላቸው ይሰምጣል። የሚጽፉት ጭንዎ ላይ ከሆነ የማይታጠፍ ይግዙ። ገዝተው ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከስልክዎ ጋር አገናኝተው ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ይጫኑ። ሻጩ ቢቸኩልም ይጫኑ። በተለይ ስፔስ፣ ሺፍትና ኢንተር በትክክል መመለሳቸውን ይዩ።

ማጣመር፤ ዊንዶውስ 11 ላይ

ሁለት መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቁ የሚደረገው ማጣመር ይባላል። የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ሲያበሩት ራሱ ይገናኛል።

1. ሰሌዳውን ያብሩ። አዲስ ከሆነ ከባትሪው ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ልጥ ስበው ያውጡ። ብዙ ሰው «ተበላሽቶ መጣ» የሚለው ይህችን ልጥ ሳያወጣ ነው።

2. ሰሌዳውን «የሚታይ» ያድርጉት። ኬ380 ላይ ከላይ በግራ በኩል 1፣ 2 እና 3 የሚሉ ባለ ቀለም ቁልፎች አሉ። 1 የሚለውን ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከቁልፉ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። በሌሎች ሰሌዳዎች ይህ ሥራ የብሉቱዝ ምልክት ያለበት ቁልፍ፣ ወይም «ኤፍኤን» ከሌላ ቁልፍ ጋር ሊሆን ይችላል። መብራቷ በፍጥነት ብልጭ ድርግም እስካላለች ድረስ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

3. ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አይ»ን አብረው ይጫኑ፤ ሴቲንግስ ይከፈታል። በግራ በኩል «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» የሚለውን መርጠው ብሉቱዙ መብራቱን ይዩ።

4. «አድ ዲቫይስ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ብሉቱዝ» የሚለውን ይጫኑ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሰሌዳው ስም ይመጣል። በዙሪያዎ ብዙ መሣሪያ ካለ የሌላ ሰው ማዳመጫና ቴሌቪዥንም ሊዘረዘር ይችላል፤ የራስዎን ለይተው ይምረጡ።

5. ላፕቶፑ ቁጥር ያሳይዎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት አሃዝ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቁጥሩን የሚጽፉት በላፕቶፑ ቁልፎች ሳይሆን በአዲሱ ሰሌዳ ነው፤ ጽፈው ሲጨርሱም በዚያው ሰሌዳ ላይ ኢንተር ይጫኑ። ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሳይደነግጡ እስከ መጨረሻው ይጻፉ። ሰሌዳው ስክሪን ስለሌለው «እኔ ነኝ» ብሎ የሚያረጋግጠው በዚህ ብቻ ነው። ቁጥር ሳይጠይቁ የሚገናኙ ሰሌዳዎችም አሉ።

6. ማስታወሻ መጻፊያ ከፍተው አንድ መስመር ይጻፉ። ከዚያ ሰሌዳውን አጥፍተው እንደገና ያብሩትና ሌላ መስመር ይጻፉ። ሁለተኛው መስመር ያለ ምንም ጥያቄ ከመጣ ማጣመሩ ተሳክቷል። ይህችን ሁለተኛ ፍተሻ አይዝለሉ።

ስሙ ከዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣ፣ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ወደ ታች ይውረዱ። የብሉቱዝ መሣሪያዎችን ፍለጋ የሚመለከት ምርጫ ያገኛሉ፤ «ዲፎልት» ከሚለው ወደ «አድቫንስድ» ይለውጡትና እንደገና ይሞክሩ።

ዊንዶውስ 10 ላይ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ክፍሉ «ዲቫይስስ» ይባላል፣ የሚጫኑትም «አድ ብሉቱዝ ኦር አዘር ዲቫይስ» የሚለውን ነው። ማክ ላይ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ብሉቱዝ»ን ከፍተው ከሰሌዳው ስም አጠገብ «ኮኔክት» ይላሉ። ማክ ሰሌዳውን ካላወቀው ከግራው ሺፍት ቀጥሎ ያለውን ቁልፍ እንዲጫኑ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ የጠየቀውን ብቻ ይጫኑ። ኬ380 ላይ ደግሞ «ኤፍኤን»ንና «ኦ»ን ለሦስት ሰከንድ ቢይዙ ቁልፎቹ በማክ ሥርዓት፣ «ኤፍኤን»ንና «ፒ»ን ቢይዙ በዊንዶውስ ሥርዓት ይሠራሉ። ኡቡንቱ ላይም ሴቲንግስ ውስጥ የብሉቱዝ ገጽ አለ፤ ስሙን መርጦ ቁጥሩን መጻፍ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ላፕቶፑ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ የብሉቱዝ ሰሌዳው በዚያ ሰዓት ብዙውን ጊዜ አይሠራም፤ የላፕቶፑን ቁልፎች ይጠቀሙ። ብሉቱዝ ገና አልተነሣም።

አማርኛውን ማዘጋጀት

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ወዲህ፣ የአማርኛ መጻፊያ አለው። ገንዘብ የሚከፈልበት ፕሮግራም መፈለግ ግዴታ አይደለም። ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ»፣ ከዚያ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ይክፈቱ። «አድ ኤ ላንጉዌጅ» ብለው አማርኛን ፈልገው ይጨምሩ። ቋንቋው ሲወርድ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ይህን ቤትዎ ወይም ቢሮዎ ይጨርሱ፤ ለስብሰባው ቀን አያቆዩት። ሲጨምሩት የኮምፒውተሩን ገጽ ሁሉ ወደ አማርኛ እንዲለውጥ ካልፈለጉ ያንን ምርጫ ሳይነኩ ይለፉ።

ከዚያ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው ስፔስ ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ምልክት የትኛው ላይ እንዳሉ ትነግርዎታለች።

ኪማን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፤ አሠራሩም እንደ አነጋገራችን ነው። «ኤስ»ን ሲጫኑ «ስ» ይመጣል። «ኢ»ን ሲያስከትሉ እዚያው ዓይንዎ ሥር «ሰ» ይሆናል። «ኤል» ሲጨምሩ «ሰል»፣ «ኤ» ሲጨምሩ «ሰላ»፣ በመጨረሻ «ኤም» ሲሉ «ሰላም» ይሞላል። ሺፍት ይዘው «ቲ» ሲጫኑ «ጥ»፣ ያለ ሺፍት «ት»፤ ሺፍት ይዘው «ሲ» ሲጫኑ «ጭ»፣ ያለ ሺፍት «ች»። ስለዚህ ሺፍቱ የሚያንገራግር ሰሌዳ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ትንሽ ችግር ሲሆን ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ትልቅ እንከን ነው። «ጠላ» ያለው ሰው «ተላ» ይወጣበታል፤ «ጨረሰ» ያለውም «ቸረሰ»። ሱቅ ውስጥ ሺፍቱን ይሞክሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ኡቡንቱ የሚጠቀሙ ሰዎችም «ሴራ» ከተባለው፣ ግእዝን በላቲን ፊደል ከሚጽፈው ሥርዓት የተወሰደ ተመሳሳይ መጻፊያ ያገኛሉ፤ ከመደበኛው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ካጡት ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል መጨመር ያስፈልጋል።

አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት መሣሪያ

የእነዚህ ሰሌዳዎች ትልቁ በረከት በአንድ ቁልፍ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ መዝለላቸው ነው። እኔ 1ን ለላፕቶፑ፣ 2ን ለስልኬ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛውን ለማጣመር ከላይ የጻፍኩትን በቁልፍ 2 መድገም ብቻ ነው፤ ስልኩ ላይም የብሉቱዝ ገጹን ከፍቶ ስሙን መምረጥ። ከዚያ በኋላ ለመዝለል መያዝ አያስፈልግም፤ አንዴ ነካ ማድረግ ይበቃል። መያዝ አዲስ ማጣመር ነው፤ ነካ ማድረግ መዝለል። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ ቁልፉን አጥብቆ የመያዝ ልማድ ያለው ሰው በየቀኑ ማጣመሩን እያፈረሰ «ይህ ሰሌዳ አይረባም» ይላል።

መብራት በሚጠፋ ቀን የላፕቶፑ ባትሪ ከስብሰባው በፊት ያልቃል። ያኔ ቁልፍ 2ን ነክቼ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፤ ማታ ጽሑፉን ለራሴ በኢሜይል ልኬ ላፕቶፑ ላይ እከፍተዋለሁ።

ይኸው ቁልፍ ግን ጎድቶኛል። አንድ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ የመዋጮ ጉዳይ ሲነሣ ንግግሩ በጣም ፈጠነ። ዓይኔ ተናጋሪዎቹ ላይ ነበር። ከላይ ያለውን ረድፍ ስነካ ቁልፍ 2 ተጫነ። ሰሌዳው ወደ ስልኬ ዘለለ፤ ስልኬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነበር። ምንም መጻፊያ አልተከፈተበትምና የጻፍኩት ሁሉ የትም አልደረሰም። ቀና ብዬ ላፕቶፑን ሳይ የመጨረሻው መስመር «የመዋጮው መጠን» ላይ ቆሟል። ማን ምን እንዳለ እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ፤ አንዳንዱ በሁለተኛው ጊዜ የተናገረው ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም። ቃለ ጉባኤ የሰው ቃል አደራ ነው፤ ያን ቀን አደራው ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ስገባ፣ ሰሌዳውን በስልኩ የማልጠቀምበት ከሆነ የስልኩን ብሉቱዝ አጠፋለሁ። እያንዳንዱ አጀንዳ ሲያልቅም አንዴ ስክሪኑን አያለሁ። እርስዎም ሁለቱን ያድርጉ።

ሰሌዳውን ወደ ቦርሳ ከመክተትዎ በፊት በማጥፊያው ያጥፉት። ሳይጠፋ የገባ ሰሌዳ በደብተር ሲጫን መጻፉን ይቀጥላል፤ ላፕቶፑም ክፍት ከሆነና ቅርብ ካለ ያለቀ ሰነድ መሀል ሁለት ገጽ ሙሉ «ዠ» ሊያገኙ ይችላሉ።

ሲያስቸግር

ስሜን ሰምተው የሚደውሉልኝ ባልደረቦቼ ከሚያነሡት ችግር አብዛኛው የሚከተለው ነው።

«ተጣምሯል» ይላል ግን አይጽፍም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሰሌዳውና ላፕቶፑ ሲጣመሩ የተስማሙበት ምስጢራዊ ኮድ መለያየቱ ነው። ሰሌዳውን በቁልፍ 1 ከሌላ ላፕቶፕ ጋር አጣምረውት ከሆነ የመጀመሪያው ላፕቶፕ አልሰማም፤ አሁንም ስሙን በዝርዝሩ ይዞታል። መፍትሔው ከሁለቱም ወገን መጀመር ነው። ላፕቶፑ ላይ ከስሙ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ሪሙቭ ዲቫይስ» ይበሉ፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ቁልፉን ሦስት ሰከንድ ይዘው እንደ አዲስ ያጣምሩ። ሳያስወግዱ በላዩ ላይ ደጋግሞ መሞከር ጊዜ መፍጀት ነው።

ከዕረፍት ስመለስ አይሠራም። ሰሌዳው ድንጋይ ለመቆጠብ ይተኛል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይነቃል፣ ለመገናኘት ግን አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ መሀል የጻፏቸው ፊደላት ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሺፍትን ነክተው ይቀስቅሱት፤ ከዚያ ይጻፉ። የተኛው ላፕቶፑ ከሆነ ደግሞ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የብሉቱዙን መሣሪያ ከፍተው «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ የለም።

ፊደል ይዘላል ወይም ይደግማል። መጀመሪያ ድንጋዩን ይቀይሩ። ካልተሻሻለ አካባቢውን ይዩ። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ብዙ የዋይፋይ ማሠራጫዎችም ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሰፈር ናቸው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሌላ ነው፤ የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎችና ገመዶቻቸው ራሳቸው በዚሁ ክልል ሁካታ ያሰማሉ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሰክተው ሰሌዳው መንተባተብ ከጀመረ ዲስኩን ነቅለው ይሞክሩ፤ ወይም በረዘመ ገመድ ከላፕቶፑ ያርቁት። እኔ የስብሰባ ድምፅ የምቀዳበትን ዲስክ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን በማዞር ብቻ የተገላገልኩበት ቀን አለ።

የብሉቱዙ ማብሪያ ራሱ ከላፕቶፑ ጠፍቷል። ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሡት። ክዳኑን ዘግቶ መክፈት ማጥፋት አይደለም። ካልተመለሰ የላፕቶፑ አምራች ካወጣው ገጽ የብሉቱዙን ድራይቨር፣ ማለትም ላፕቶፑ ብሉቱዙን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ አውርደው ይጫኑ።

የሚጻፈው ምስጢር ከሆነ

ደመወዝ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ፣ የሕክምና ጉዳይ የሚጽፍ ሰው አየር ላይ የሚያልፈውን ማሰብ አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባስቲል የተባለ የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በመቀበያ የሚሠሩ በርካታ ርካሽ ሰሌዳዎች የሚላከውን ሳያመሰጥሩ በግልጽ እንደሚልኩ አሳይተዋል፤ በርቀት የተቀመጠ ሰው የሚጻፈውን ሁሉ ማንበብ ይችል ነበር። በአግባቡ የተጣመረ የብሉቱዝ ሰሌዳ ግን የሚልከውን ያመሰጥራል። ብሉቱዝም ቢሆን ከስሕተት ነጻ አይደለም። በ2023 መጨረሻ ማርክ ኒውሊን የተባለ ተመራማሪ፣ ያልታደሱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሐሰተኛ ሰሌዳን ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ ሊቀበሉ እንደሚችሉ ይፋ አድርጓል። መከላከያው ማደስ ነው። የስልክዎንና የላፕቶፕዎን ማሻሻያዎች ይጫኑ፤ ብሉቱዝ በማይጠቀሙበት ጊዜ ያጥፉ። ሳይጠይቁ የመጣ የማጣመር ጥያቄንም አይቀበሉ። በተዋሱት ላፕቶፕ ላይ ከሠሩ ደግሞ ሲጨርሱ ሰሌዳዎን ከዝርዝሩ ያስወግዱ።

ማኅደር ያላቸው ሰሌዳዎች

እስካሁን የተናገርኩት ራሱ ምንም ስለማያስቀምጥ ሰሌዳ ነው። የጻፉትን በውስጣቸው የሚይዙ፣ ትንሽ ስክሪን ያላቸው ሰሌዳዎችም አሉ። ከእነሱ ውስጥ የምወደው አልፋስማርት ኒዮ ነው። በ2004 ወጥቶ በ2013 ምርቱ ቢቆምም ያገለገለው አሁንም ይሸጣል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይዞልዎት ሊመጣ ይችላል። በሦስት ባለ ሁለት ኤ ድንጋይ አምራቹ እስከ 700 ሰዓት ይላል። ስምንት ፋይል ይይዛል፤ ኢንተርኔት የለውም፣ መልእክት አይጮኽበትም። ለሚጽፍ ሰው ይህ ዕረፍት ነው።

ኒዮ ግእዝ አያውቅም። ግን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተው «ሴንድ» የሚለውን ሲጫኑ፣ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንደ ፋይል አይልክም፤ እንደ ቁልፍ ሰሌዳ ሆኖ አንድ በአንድ እንደገና ይጽፈዋል። መጀመሪያ ላይ የነገርኩዎትን ቁጥሮች ያስታውሱ። ላፕቶፑ የሚቀበለው ቁጥር ስለሆነ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወደ ግእዝ እየተለወጠ ይገባል። አደራረጉ እንዲህ ነው።

ስብሰባው ላይ ኒዮ ላይ ሲጽፉ ልክ ኪማን ላይ እንደሚጽፉት አድርገው በላቲን ይጻፉ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ሳይሳሳቱ። ቢሮ ሲመለሱ ባዶ ሰነድ ከፍተው አማርኛውን ያብሩ። ቃላትን በራሱ የሚያርመውን የሰነድ ጸሐፊ ማስተካከያ ያጥፉት፤ አለበለዚያ መሀል እየገባ ያበላሻል። ኒዮን ሰክተው በመጀመሪያ አጭር ፋይል ይላኩ። ፊደል ከዘለለ የመላኪያ ፍጥነቱን ከኒዮ ማስተካከያ ዝቅ ያድርጉ።

ያለ ገመድ ከፈለጉ፣ የዩኤስቢ ሰሌዳ ተሰክቶበት በብሉቱዝ የሚያስተላልፍ ትንሽ ማገናኛ ይሸጣል። ማገናኛው ከላፕቶፑ ጋር የሚጣመረው ከላይ እንደ ጻፍኩት ነው። ሁሉም ማገናኛ ከሁሉም ሰሌዳ ጋር ስለማይስማማ በእጅዎ ያለውን ሰሌዳ ይዘው ሄደው ሞክረው ይግዙ። በብሉቱዝ ሲላክ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረጉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

«ሴንድ»ን ከተጫኑ በኋላ እጅዎን ከላፕቶፑ ያንሡ፤ መዳፊቱንም አይንኩ፣ ሌላ መስኮትም አይክፈቱ። ጽሑፉ የሚገባው ጠቋሚው ባለበት ቦታ ነው። ስክሪኑ ላይ «ስ» ይላል፣ ወደ «ሰ» ይለወጣል፣ «ሰብ» ይሆናል፤ የጠዋቱ ስብሰባ ሰው ሳይነካው በመስመር በመስመር ይወርዳል። የመጨረሻው መስመር ገብቶ ኒዮ መጨረሱን ሲያሳይዎት ሰነዱን ያስቀምጡ፤ በሁለተኛ ቦታም ቅጂ ይያዙ፤ ከዚያ ብቻ የኒዮውን ፋይል ይደምስሱ።